ኦሪጅናል ከእጅ አይወጣም

ጋሼ ዘውዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ኤርፖርት ውስጥ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ ሳለሁ ነው። የደወሉልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው፤ ጋሼ ዘውዴም የሱቁን ጓዳ ቢሮ አድርገው ለዓመታት የመጣውን ሀበሻ ሁሉ ፎርም ሲሞሉለት ኖረዋል።

"ልጄ፣ ጋሼሽ አረፉ። ቬጋስ ሆስፒታል ተኝተው ነበር አሉ፤ እኛ መች ሰማን" አሉኝ። ድምፃቸው በለቅሶ ጎርንኗል። እኔ አሮጊቷን እስከ መሳፈሪያው በር አደረስኳት፣ ፍሬኑን ያዝኩ፣ የእግር ማሳረፊያውን አጠፍኩላት፣ መልካም ጉዞ ተመኘሁላት። አላለቀስኩም። ለምን እንደማላለቅስ ለማንም መናገር አለመቻሌ ነው ያናደደኝ።

"ሶ የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ነሽ የምትጽፊው" አሉ እትዬ አስካለ ቀጥለው። "ቅዳሜ ቸርች ሜሞሪያል አለ። አማርኛሽ ያምራል፣ ደግሞም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩሽ።"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ሰው ሞቶ ጻፊ ስትባይ እምቢ የምትይበት አፍ ከየት ይመጣል።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ስለ ጋሼ ዘውዴ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደግነታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ያው ደግነታቸው ስለሆነ ግን በአንድ ገጽ ጠቅልዬ ሰው ፊት የሚነበብ ነገር ማድረጉ ከበደኝ። እዚያ ያልተነበበውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ያየኋቸው አገሩን በረገጥኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሜክሲኮ፣ ቲዋና ላይ ቀጠሮ ይዤ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ በድንበሩ በር የገባሁ ነኝ። መኮንኑ ፓስፖርቴ ላይ በስቴፕል ያያዘልኝ አንዲት ነጭ ወረቀት ነበረች። ማህተም አለባት፣ ቀን አለባት፤ የተጻፈባትን ግን በቅጡ አላነበብኩትም። ከቅባት ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልዬ ይዣት ስለነበር ጥጓን ቅባት ነክቷት ሳንቲም የምታህል እድፍ አውጥታለች። ኢንግልዉድ በአንድ መኝታ ቤት አምስት ሴቶች ሆነን ነበር የምንኖረው፤ አብረውኝ ያሉት ልጆች "ፌርፋክስ ሂጂና ጋሼ ዘውዴን ጠይቂ" አሉኝ።

ጋሼ ዘውዴ በበርበሬ ከረጢትና በኮፒ ማሽን መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀጭን ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ የእጃቸው አንጓ ላይ በሰዓት ፋንታ የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ ደርድረዋል። አገር ቤት ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሠሩት፤ ወረቀት ሲይዙ ያስታውቃሉ። ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርገው ሳያስተካክሉ አያነቡም። የእኔንም ተቀበሉኝ፣ መታ መታ አደረጓት፣ ወደ አምፖሉ አንስተው አዩዋት።

"ይቺን ማን ሰጠሽ?"

"ድንበር ላይ ነው የሰጡኝ፣ ጋሼ። ችግር አለባት እንዴ?"

"ምን ችግር አለባት። አንቺ በበር የገባሽ ልጅ ነሽ እኮ።" ጣታቸውን አንዷ ቃል ላይ አሳረፉ። "ፓሮልድ ይላል። ወረቀቷ አይ ናይንቲ ፎር ትባላለች። ቪዛ የለሽም፣ ግን በእነሱ ፈቃድ፣ በእነሱ በር ለጊዜው ገብተሻል ማለት ነው። ነገ ሲትዝን አግብተሽ ግሪን ካርድ አፕላይ ስታደርጊ 'እንዴት ገባሽ?' ይሉሻል። ያኔ ይቺን ነው የምታሳዪው። ይቺ ከሌለችሽ አጥር ዘሎ ከገባው ጋር አንድ ነሽ። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ኦሪጅናል ከእጅ አይወጣም። ለወርክ ፐርሚት ኮፒ ነው የምንልከው፣ ለአሠሪም ኮፒ ነው የምትሰጪው። ኦሪጅናል ከእጅ አይወጣም።"

ይቺን ንግግር በቀን ሃያ ጊዜ ሳይሏት አይውሉም። ልጆቹ ይቀልዱባቸው ነበር፤ አንዳንዱ ገና ከሱቁ በር ላይ ሆኖ "ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ በእጄ ነው" እያለ ይገባል። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ሲስቁ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ይዘላል።

እኔ ግን በዚያው ቀን ኦሪጅናሉን እሳቸው ጋ ትቼ ወጣሁ። አምስት ሴት በሚጋራው ክፍል ውስጥ ሻንጣ አይቆለፍም፣ ልብስ ይደባለቃል፣ አንዷ ቤት ስትቀይር የሌላዋን ዕቃ ሰብስባ ትሄዳለች። ስለዚህ አዲስ የመጣን ሁሉ ፓስፖርታችንንም የልደት ወረቀታችንንም ጋሼ ዘውዴ ጋ በአደራ እናስቀምጥ ነበር። ጓዳው ውስጥ ባለ ሦስት መሳቢያ የብረት ሣጥን አላቸው፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ፣ ከመነጽሩ ክር ጋር ነው። ፈረንጅ ቢሰማ ያብዳል። ሰውየው ጠበቃ አይደሉ፣ ቢሮ የላቸው፣ ደረሰኝ አይሰጡ። እኛ ግን "አደራ" ብለን ከሰጠን በኋላ ወደ ኋላ ዞር ብለን አናይም።

"ጋሼ፣ ኦሪጅናል ከእጅ አይወጣም ይሉ የለም እንዴ?" ብዬ እየሳቅኩ ሰጠኋቸው።

"የእኔ እጅ ያንቺ እጅ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝና እንዲህ ያለ ቃል ቶሎ ያሸንፈኛል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እየሄድኩ አግዛቸው ጀመር። ሰው አማርኛ ጽፎ ሲመጣ አስተካክላለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ። እሳቸውን ማየት ራሱ ጨዋታ ነበር። ለምሳሌ ከሱቁ ጀርባ እትዬ አስካለ የተከራዩት የመኪና ማቆሚያ አለ፤ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። ጋሼ ዘውዴ መኪና የላቸውም፤ ግን "ጋሼ፣ ፓርኪንግ አጣሁ" ያላቸውን ሁሉ "ከኋላ አቁም፣ የእኛው ነው" ይሉታል። እትዬ አስካለ ዕቃ ጭነው ሲመጡ ቦታው ተይዞ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። አንድ ቀን የእህል ከረጢት ትከሻቸው ላይ እንደተሸከሙ ገቡ።

"አቶ ዘውዴ፣ ፓርኪንጉ እኮ የእኔ ነው።"

"እርስዎማ ቢዞሩ ምን ይሆናሉ። ልጁ ኢንተርቪው አለበት" አሉ ጋሼ ከፎርሙ ቀና ሳይሉ። እትዬ አስካለ ከረጢቱን ወለሉ ላይ ጥለው ሳቁ፤ ምን ያድርጉ።

የጃኬቴንም ነገር አልረሳውም። ዝናብ የሚጥልበት ጠዋት ነበር። አንዲት ልጅ ከቴክሳስ በአውቶቡስ ገና መድረሷ ነው፤ በቲሸርት ብቻ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ጋሼ ዘውዴ ብድግ አሉና ወንበሬ ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ጃኬት አንስተው ደረቡላት። እዚህ አገር መጥቼ የገዛሁት የመጀመሪያው ልብስ ነው።

"አንቺ ሌላ አለሽ" አሉኝ።

ሌላ አልነበረኝም። ግን ልጅቷ በዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ "እግዜር ይስጥዎት ጋሼ" እያላቸው፣ "የእኔ ነው፣ መልሱልኝ" ይባላል? ምን አልኩ መሰላችሁ፤ "አዎ ጋሼ፣ አለኝ" አልኩ። በስብሼ ቤት ገባሁና ለልጆቹ የእሳቸውን ልብ አወራሁላቸው። እሳቸው ሲሰጡ የሚያዩት የሚቀበለውን ሰው ነው፤ የተወሰደበትን ዞር ብለው አያዩም። ይህን ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ዳዊትን የተዋወቅሁት ቸርች ውስጥ፣ መዘምራን ጋ ነው። እዚሁ የተወለደ ሀበሻ ነው፤ ጋርዴና ያለ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ስንጋባ ጋሼ ዘውዴ በአባቴ ቦታ ሆነው እጄን ይዘው አስገቡኝ። በማግስቱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መሳቢያውን ከፈቱ። ወረቀቴን በፕላስቲክ ኪስ አድርገው፣ መጽሐፍ ተጭኗት እጥፋቷ ጠፍቶ፣ ሰጡኝ።

"አደራሽን ተቀበይ" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። አገላብጬ አየኋት፤ ምንም አልጎደለባትም። ያቺ የቅባት እድፍ እንኳ በቦታዋ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ወረቀቷን የምቸኩልባት ለእናቴ ነበር። እማዬ ደሴ ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፤ ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደከመ ነበር። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስንገናኝ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ "ተጠጊ እስቲ" ትለኛለች። "ይቺም ሳትጠፋ ነይና ፊትሽን በእጄ ይዤ ልየው" ትላለች። ጋሼ ዘውዴ ይህን ያውቃሉ። ጓዳው ውስጥ ሆኜ ስትደውል ስልኩን ይቀበሉኝና "እመቤት፣ አይዞዎት፣ ልጅዎን በቅርቡ እልክልዎታለሁ" ይሏት ነበር። ግሪን ካርድ ወይም የጉዞ ፈቃድ ሳልይዝ ከወጣሁ ደግሞ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ የእማዬ ዓይን ከዚያች ነጭ ወረቀት ጋር ታስሮ ነበር ማለት ነው።

የግሪን ካርዱ ኢንተርቪው ቀን ከዳዊትና ከጠበቃዬ ጋር ገባሁ። ፋይሉን የያዘችው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ትሁት ናት። ስለ ጋብቻችን ጠየቀችን፣ ፎቶዎቹን አየች፣ ዳዊት በልምምጥ ሲመልስ ፈገግ አለች። ከዚያ ኦሪጅናሉን ተቀበለችኝና ወጣች። ስትመለስ ፈገግታዋ የለም። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ስሞቹን በቢጫ ወረቀት ሸፍናቸዋለች።

"ይህ ያንቺ የፓሮል ወረቀት ቁጥር ነው። በሦስት የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ መጥቷል። ቁጥርሽን ለሰው ሰጥተሻል?"

"አልሰጠሁም" አልኩ። ዓይኔ ግን ወረቀቶቹ ጥግ ላይ ቀርቷል። ሦስቱም ላይ ሳንቲም የምታህል ግራጫ ጥላ አለች። የእኔ ቅባት ናት።

"ኦሪጅናሉ ከአንቺ ሌላ ማን እጅ ነበር?"

ጠበቃዬ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጫን አደረገችኝ።

ጉዳዩ እስኪጣራ ተያዘ። የጉዞ ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ እሱም አብሮ ተያዘ። ሚድ ዊልሻየር ካለው ቢሮዋ ስንደርስ ጠበቃዋ ሳታለባብስ ነገረችኝ። "ወረቀትሽ እውነተኛ ነው። ግን እነዚህ ኮፒዎች እንዴት እንደወጡ ካላስረዳን ራሷ ናት ለሰው የሰጠችው ይላሉ። ያኔ ባልሽም አያድንሽም። ወረቀቱ እጁ የነበረው ሰው፣ አንቺ ሳታውቂ ኮፒ እንዳደረገ ጽፎ፣ ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖታሪ ፊት ይፈርም።"

ሰውየው በሕግ ሊጠየቅ ይችል እንደሆነ ጠየቅኋት። ሊጠየቅ ይችላል አለችኝ።

ከዚያው ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ጋሼ ዘውዴ የአንድ ሰው ፎርም እየሞሉ ነው። ሰውየው እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ ወረቀቴን ለማን ሰጡት?"

"ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም።"

"ለማንም አልሰጠሁም። ኦሪጅናሉን በእጅሽ ተቀብለሻል፤ አልተቀበልሽም?"

"ኮፒውንስ?"

ከአንጓቸው ላይ አንዱን ላስቲክ አውልቀው በጣታቸው ይወጥሩት ጀመር። "ሦስት ናቸው" አሉ። "አንዷ ሕፃን አዝላ ነው የመጣችው። አጥር ዘለው ነው የገቡት፣ ምንም ወረቀት የላቸውም። ስማቸውን በስምሽ ላይ ለጥፌ ኮፒ አደረግሁላቸው።"

"ቁጥሬን ሳይቀር?"

"ቁጥር ከራሴ ብፈጥር ውሸት ይሆንብኛል።"

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነው፤ አልቀለዱም። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። "የእኔስ ነገር ጋሼ? ስለ እኔ አላሰቡም?"

"ያንቺ ምኑ ይነካል ብዬ። አንቺ እውነተኛውን ይዘሻል። ሠናይት፣ በር እኮ ነው። በር ሰው ስለገባበት አያልቅም።"

ሰማያዊው ጃኬቴ ትዝ አለኝ። "ጋሼ፣ እማዬ እየታወረች ነው" አልኳቸው። ያኔ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

"ምን ላድርግ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሊጠየቁ እንደሚችሉም አልደበቅኋቸውም። ላስቲኩን ወደ አንጓቸው መለሱና "ሰኞ" አሉ። "ሰኞ ጠዋት ኖታሪ ጋ ሄጄ እፈርማለሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነይና ውሰጂ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።"

አመንኳቸው። እንዲያውም ወጥቼ መኪና ውስጥ ስገባ አዘንኩላቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ላስጨንቃቸው ብዬ።

ሰኞ ከዳዊት ጋር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ኮፒ ማሽኑ ጨርቅ ለብሷል፤ ሦስቱም መሳቢያ ተከፍቶ ባዶውን ነው። ቅዳሜና እሑድ የአደራውን ባለቤት ሁሉ እየጠሩ ኦሪጅናላቸውን መልሰውላቸው ኖሯል፤ አንድ ሰው አልቀረባቸውም። "ማልደው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ" አሉ እትዬ አስካለ። "ቬጋስ የእህታቸው ልጅ አለ አይደል፣ እሱ ጋ እርፍ ልበል አሉ። ምነው፣ አልነገሩሽም?"

"ሬሊ? ሰውየው ጥሎሽ ሄደ?" አለ ዳዊት። እሱ እንግሊዝኛና አማርኛ ሲደባልቅ የሚያናድደኝ ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን ከእሱ የበለጠ በትክክል የተናገረ የለም። ጥለውኝ ሄዱ።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። በሳምንቱ አንዴ ተነሳ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ አይሠራም አለኝ።

ጠበቃዋ "እሺ፣ ስሙን ስጪኝ፣ አንቺው ጻፊ" አለችኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም። የምጽፍበትን ወረቀት ይዤ ቤት ሄድኩና ሦስት ቀን ዞርኩት። እትዬ አስካለ ነገሩን ሰምተው ነበር። "ያ ሰው ስንቱን ቤተሰብ ያቆመ ሰው ነው" አሉኝ። "ስማቸውን ለመንግሥት ልትሰጪ? ሽማግሌ ልታሳስሪ?" እኔም እጄ እምቢ አለኝ። በአባቴ ቦታ ቆመው የዳሩኝን ሰው ስም ጽፌ ለቢሮ መስጠት አቃተኝ። ደግሞም ሐቁን ልናገር፣ እሳቸው ራሳቸው ይልኩታል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ስለዚህ "ወረቀቱ ከማኅበረሰባችን አንድ ሽማግሌ ጋ በአደራ ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

"የትኛው ሽማግሌ?" አለች ጠበቃዋ። "ስም የለውም?"

"አለው።"

"እንግዲህ ይህ ባይጻፍ ይሻል ነበር" አለችና ፋይሉን ዘጋችው። ጉዳዩ ባለበት ቆመ። ወር መጣ፣ ወር ሄደ። በየቀኑ የፖስታ ሣጥኑን ስከፍት ከቬጋስ የመጣ ፖስታ እፈልጋለሁ።

አንድ እሑድ እማዬ ጋ በቪዲዮ ስደውል ስክሪኑ ላይ የመጣው ጆሮዋ ነው። ነጠላዋን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች።

"እማዬ፣ ስልኩን ወደ ፊትሽ አድርጊው እንጂ።"

"ምን ያደርግልኛል ልጄ። በጆሮዬ ይበቃኛል" አለችኝ።

እህቴ ከበስተጀርባ ታለቅስ ነበር። ያን ቀን ጋሼ ዘውዴን ረገምኳቸው፤ በስማቸው ጠርቼ ረገምኳቸው።

እንግዲህ ሞታቸው የተነገረኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐሙስ ዕለት እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። የእህታቸው ልጅ ወረቀታቸውን የያዘ ፎልደር ልኮላቸው ኖሯል። "ቀኑንም ምኑንም ከዚህ ታገኚያለሽ" ብለው ሰጡኝ። ከሱቁ ጀርባ፣ ያቺ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ከፈትኩት። ሁሉም በየተራው ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መታወቂያ፣ የዜግነት ወረቀታቸው። ከሁሉም በስተመጨረሻ አንድ የፕላስቲክ ኪስ አለ፤ ደጋግሞ ከመውጣትና ከመግባት አፉ ደብዝዟል።

በእጃቸው ጽሑፍ፣ በእነዚያ ቀጥ ባሉ ፊደሎቻቸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኔ ዘውዴ የሠናይትን የፓሮል ወረቀት በአደራ ተቀብዬ ሳለ፣ እሷ ሳታውቅና ሳትፈቅድ ለሦስት ሰዎች ኮፒ አድርጌአለሁ፤ እሷ ምንም አላደረገችም ይላል። ከሥሩ ፊርማቸው አለ። የኖታሪው ማህተም አለ፤ የዚሁ የሎስ አንጀለስ ኖታሪ ነው። ቀኑ ያ ሰኞ ነው።

ባይፈርሙ ኖሮ ፈሩ እል ነበር። ፍርሃት ይገባኛል። እሳቸው ግን እንዳሉት በጠዋት ሄደዋል፣ ጽፈዋል፣ ምለው ፈርመዋል። ከዚያ በፕላስቲክ ኪስ ከተው አውቶቡስ ላይ ወጡ። እዚያም በየጊዜው እያወጡ ጠርዙን መታ መታ ሲያደርጉት፣ አንብበው ሲመልሱት ታየኝ። የሰው ጃኬት፣ የሰው ፓርኪንግ፣ የሰው ወረቀት ሲሰጡ እጃቸው ተይዞ የማያውቅ ሰው፣ ከራሳቸው የጠየቅኳቸው ይቺን አንዲት ገጽ ነበር። ሞታቸውን ከሰማሁ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ስላዘንኩ አይመስለኝም፤ ስለተከዳሁ ነው።

የሕይወት ታሪኩን ጻፍኩት። ቅዳሜ ቸርቹ ሞልቶ፣ ሰው ቆሞ፣ ተነበበ። ፊት ያለው ወንበር ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ትንሽ ልጅ ታቅፋ ከዘመድ በላይ ታለቅስ ነበር። እኔ እሷን አየሁ፣ ልጁን አየሁ። ስንወጣ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆንጆ ነበር፣ እግዜር ይስጥሽ። አደራ ጠባቂ ነበሩ የምትለዋን ግን ረሳሻት።"

"አልረሳኋትም እትዬ" አልኳቸው።

ሰኞ ለጠበቃዋ በስልክ ፎቶውን ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ሰውየው ቢሞትም ይጠቅማል፣ ብዙ ይጠቅማል አለች፤ ግን ኦሪጅናሉን እፈልጋለሁ፣ በፖስታ ላኪልኝ አለችኝ። በፖስታ አልላክሁትም። ከሥራ አስፈቅጄ ሚድ ዊልሻየር ድረስ ራሴ ነዳሁ፣ አሳንሰሩን ወጣሁ፣ ቢሮዋ ገባሁ። ወረቀቱን ከፕላስቲክ ኪሱ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩትና እጄን አነሳሁ።

ይቺኑ ነበር የጠየቅኳቸው። ወረቀቱን ማስቀመጥና እጅን ማንሳት። ያን ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ገና ፊት ትለይ ነበር።